ተከላካይ ቦክሰኛን እንዴት እንመዝን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በካራና በኮተቤ አካባቢ ቦክስ የሚሰለጥኑ ወጣቶች፣ ወላጆቻቸውና እሑድ ማለዳ ውድድር ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት የሚሰበሰቡ ተመልካቾች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተከላካይ ቦክሰኛ የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው?

ሁሉም ቦክሰኛ ይከላከላል። ተከላካይ ብለን ለይተን የምንጠራው ግን ወደ መድረክ ሲወጣ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ሳያገኘኝ እንዴት ላግኘው» የሆነውን ነው። አሜሪካውያኑ ዊሊ ፔፕ፣ ፐርኔል ዊታከርና ፍሎይድ ሜይዌዘር፣ የአርጀንቲናው ኒኮሊኖ ሎቼ፣ የፖርቶ ሪኮው ዊልፍሬድ ቤኒቴዝና ኩባዊው ጊየርሞ ሪጎንዶ በዚህ ይታወቃሉ። ስልታቸው አይመሳሰልም፤ አንዱ በእግሩ፣ ሌላው በወገቡ፣ ሌላው በትከሻው ነው ቡጢውን የሚያመልጠው። የሚያገናኛቸው በሙሉ ኃይሉ የመጣባቸው ሰው አየር እየመታ ደክሞ መመለሱ ነው።

መከላከል ያው መሸሽ አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ ይህን ለመመለስ አልሰለችም። ጉግስ እያየ ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጉግስ ከፊት የሚጋልበው ፈረሰኛ ከኋላው የተወረወረበትን ዘንግ በጋሻው ሲመክት ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ሲያሳልፈው ሕዝቡ እልል ይልለታል እንጂ ፈሪ አይለውም። በቦክስ ግን አንድ ልጅ ሦስት ቡጢ አከታትሎ ሲያሳልፍ ከዳር የሚሰማው «ምታው እንጂ! ምን ያሸሽሃል!» የሚል ጩኸት ነው። ያ ጩኸት ስንቱን ባለ ተሰጥኦ ልጅ አገጩን አጋልጦ እንዲቆም አድርጎታል።

ልዩነቱ የሚታየው ጥቃቱ ባለፈበት ቅጽበት ነው። የሚሸሽ ቦክሰኛ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጀርባው ገመዱን ሲነካ ይደነግጣል፤ ዓይኑን ከተጋጣሚው ላይ ያነሣል። የሚከላከል ቦክሰኛ ወደ ጎን ይወጣል። ከወጣበት ቦታ ሆኖ እሱ መምታት ይችላል፤ ተጋጣሚው ግን ለመምታት መጀመሪያ መዞር አለበት። ሁለቱንም ቡጢው አላገኛቸውም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አሁንም አደጋ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ አደጋውን ወደ ሌላው አዙሮታል።

ስንት ዓይነት የመከላከያ መንገድ አለ?

በጥቅሉ አራት ናቸው። አንደኛው በእጅና በክንድ መመከት ወይም የሚመጣውን ቡጢ በመዳፍ ገፋ አድርጎ ከመስመሩ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ራስንና ወገብን ማንቀሳቀስ፣ ማለትም ዘንበል፣ ጎንበስ፣ ቀና ማለት ነው። ሦስተኛው በእግር ርቀትንና አቅጣጫን መለወጥ ነው። አራተኛው ተጋጣሚን ጠጋ ብሎ ክንዱን አቅፎ መያዝ ነው፤ ተመልካች አይወደውም፣ የመሃል ዳኛውም ይለያያቸዋል፤ ሲበዛ ያስቀጣል፤ ነገር ግን ጭንቅላቱ የዞረበትን ሰው ከመዘረር ያድናል።

ከእነዚህ ውህደት የታወቁ አቋሞች ተወልደዋል። አርቺ ሙር ሁለቱን ክንዶቹን ፊቱ ላይ አጣምሮ በመካከላቸው እያየ ይዋጋ ነበር። ማይክ ታይሰን ከአሰልጣኙ ከከስ ዳማቶ የተማረው ሁለቱን ጓንቶች ጉንጩ ላይ አድርጎ ራሱን ያለማቋረጥ እያወዛወዘ ወደ ፊት መግባትን ነው፤ ተከላካይ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥሩ መልስ ነው። ሜይዌዘር ደግሞ የፊት እጁን ሆዱ ላይ ዝቅ አድርጎ፣ የፊት ትከሻውን አገጩ ድረስ አንሥቶ፣ የኋላ እጁን ጉንጩ አጠገብ ይይዛል። ቀጥ ብሎ የመጣው ቡጢ ትከሻው ላይ አርፎ ይንሸራተታል።

ይህን የመጨረሻውን አቋም ልጆች ከስልክ ላይ አይተው ሲቀዱት በጣም ያሳስበኛል። እጃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ትከሻቸውን ግን አያነሡም፣ ዳሌያቸውንም አያዞሩም። የሚቀራቸው የተጋለጠ ፊት ብቻ ነው። ሜይዌዘር ከልጅነቱ ጀምሮ በቦክሰኞች ቤተሰብ ውስጥ ያደገበትን ነገር በአንድ ክረምት መያዝ አይቻልም።

ውድድር ስመለከት ዓይኔን የት ላሳርፍ?

ከእግር ጀምሩ። የተቀዳ ውድድር ካገኛችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ አንዱን ዙር ከወገብ በታች ብቻ እዩት። ድምፁን አጥፉ የምለው ሕዝቡ ክንድ ላይ ላረፈ ቡጢም ስለሚጮህ ነው፤ የጆሯችን ወሬ ዓይናችንን ያታልለዋል። ጥሩ ተከላካይ ቡጢውን ካሳለፈ በኋላ እግሮቹ በትከሻው ስፋት ልክ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ላላ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። እግሮቹ ከተጠጋጉ ወይም ከተጠላለፉ ያንን ቡጢ ያሳለፈው በዕድል ነው፤ ተከታዩ ያገኘዋል።

ቀጥሎ ያንኑ ዙር መልሳችሁ ተጋጣሚውን ብቻ እዩ። ይህን የሚያደርግ ተመልካች ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ የማምነው መለኪያ እሱ ነው። ድንቅ ተከላካይ የገጠመው ሰው ቀስ በቀስ ሲለወጥ ይታያል። በመጀመሪያው ዙር ሦስትና አራት ቡጢ እያከታተለ የገባው በአራተኛው ላይ አንድ በአንድ መሰንዘር ይጀምራል። ከዚያ አስቦ ይተወዋል፤ ትከሻው ነቅነቅ ይልና እጁ ከቦታው አይነሣም። በሰባተኛውና በስምንተኛው ዙር ለመምታት ሳይሆን ላለመሳሳት ይጠነቀቃል። ያልተሰነዘሩ ቡጢዎች በየትኛውም መዝገብ አይጻፉም፤ የተከላካዩ ትልቁ ሥራ ግን እነሱ ናቸው።

በመጨረሻ የተከላካዩን ጭንቅላት ተመልከቱ፤ ምን ያህል ርቆ ነው የሚያመልጠው? ቡጢውን በክንድ ርዝመት የሚያመልጥ ሰው ፈጣን ነው፤ በጣት ስፋት የሚያመልጠው ግን የተዋጣለት ነው። ብዙ የራቀ ሰው ተመልሶ እስኪጠጋ ተጋጣሚው እጁን ሰብስቦ ይጠብቀዋል። በትንሹ ዘንበል ያለው ግን ቡጢው በጆሮው አጠገብ ሲያልፍ የመልሱን ምት እያሳረፈ ነው።

ጥሩ ተከላካይ የሚያደርገው ፍጥነት ነው ወይስ ንባብ?

ንባብ፣ ማለትም ተጋጣሚው ሊያደርግ ያሰበውን ከሰውነቱ ቀድሞ መረዳት፣ ይበልጣል። የሰው ዓይን አንድ ነገር አይቶ ሰውነት እስኪነቃነቅ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይወስዳል፤ ከቅርብ የተሰነዘረ ፈጣን ቡጢም በዚያው መጠን ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ጓንቱ ሲነሣ አይቶ የሚንቀሳቀስ ሰው ዘግይቷል። ድንቅ ተከላካዮች የሚያዩት ከጓንቱ በፊት ያለውን ነው፤ የትከሻውን ማዘንበል፣ የኋላ ተረከዙን መነሣት፣ የዳሌውን መዞር፣ ከመምታቱ በፊት የሚስባትን ትንፋሽ። በዚህ ላይ ወጥመድ ያክላሉ። አገጫቸውን ሆን ብለው ትንሽ ያጋልጡና ቡጢው የሚመጣበትን ቦታ ራሳቸው ይመርጣሉ።

ኒኮሊኖ ሎቼ ለዚህ ምስክር ነው። «የማይነካው» ይሉት ነበር። ኃይለኛ ቡጢ አልነበረውም፤ ካሸነፋቸው 117 ውድድሮች በዝረራ ወይም ተጋጣሚው መቀጠል አቅቶት ያበቁት 14 ብቻ ናቸው። በታኅሣሥ 1968 ቶኪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ፖል ፉጂን ገጠመ። ፉጂ በሰው አገር ሕዝብ ፊት አልነበረም፤ የራሱ ደጋፊዎች ነበሩ የሚያዩት። ከዘጠኝ ዙር በኋላ ፊቱ አብጦ፣ አየር መምታት አድክሞት ለአሥረኛው ዙር ከመቀመጫው ሳይነሣ ቀረ። ዊልፍሬድ ቤኒቴዝ ደግሞ «ራዳር» የሚል ቅጽል ነበረው። በ1976 ልምድ ያካበተውን አንቶኒዮ ሰርቫንቴስን በ15 ዙር ነጥብ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ዕድሜው ገና 17 ነበር። ያ ልጅ ከሰርቫንቴስ የበለጠ ጉልበት አልነበረውም፤ ሰርቫንቴስ ሊያደርግ ያሰበውን ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ዕድሜ ሲገፋ የማን መከላከያ ይቆያል?

አቋቋሙ የተስተካከለው ሰው ይቆያል። ሮይ ጆንስ በወጣትነቱ እጁን አውርዶ፣ አገጩን ከፍ አድርጎ፣ በፍጥነቱ ብቻ ሁሉንም ያመልጥ ነበር። በግንቦት 2004 አንቶኒዮ ታርቨር በሁለተኛው ዙር በአንድ የግራ ቡጢ ዘረረው፤ ፍጥነቱ ጥቂት ሲቀንስ ከሥሩ የሚደግፈው ሌላ ነገር አልነበረም። በርናርድ ሆፕኪንስ ግን አገጩን ደብቆ፣ ርቀቱን ለክቶ፣ አቅፎ መያዝን ሳይቀር በጥበብ ተጠቅሞ በ2011 በ46 ዓመቱ፣ በ2013 ደግሞ በ48 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ወስዷል። አንድን ወጣት ስትመዝኑ «ፍጥነቱ ከመቶ አሥር እጅ ቢቀንስ ይህን ቡጢ ያመልጠው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስንት ቡጢ እንዳረፈበት መቁጠር አይበቃም?

ይረዳል፤ አይበቃም። ግንቦት 2015 ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያዎ የተገናኙበትን ውድድር እንውሰድ። እዚህ እኛ ዘንድ እሑድ ማለዳ ነበር የታየው። በቆጣሪዎቹ መዝገብ መሠረት ፓኪያዎ 429 ቡጢ ሰንዝሮ ያሳረፈው 81 ነው፤ ከመቶ 19 መሆኑ ነው። ሜይዌዘር 435 ሰንዝሮ 148 አሳርፏል። ሦስቱም ዳኞች ለሜይዌዘር ሰጡ፤ አንዱ 118 ለ110፣ ሁለቱ 116 ለ112።

ብዙ ሰው የሚያየው 81ን ነው። እኔ የምመለከተው 429ን ነው። ይኸው ፓኪያዎ በ2010 ከአንቶኒዮ ማርጋሪቶ ጋር በተገናኘ ጊዜ በዚያው በ12 ዙር ከ1,000 በላይ ቡጢ ሰንዝሮ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቡጢ የት ሄደ? እርግጥ ነው ፓኪያዎ ትከሻው ተጎድቶ እንደነበር ከውድድሩ በኋላ ተናግሯል፣ ቀዶ ሕክምናም አድርጓል፤ አምስት ዓመትም አርጅቶ ነበር፤ ማርጋሪቶም እንደ ሜይዌዘር ፈልገው የሚያጡት ሰው አልነበረም። ይህ ሁሉ ተቀንሶም ቢሆን የቀረው ልዩነት የርቀትና የፍርሃት ሥራ ነው።

ቁጥር የማይነግራችሁ ሌላም ነገር አለ። ቆጣሪ ቡጢው አረፈ ወይም አላረፈም ይላል፤ ሲያርፍ የተመታው ሰው ጭንቅላት ወደ ኋላ ሸሽቶ ኃይሉን ቀንሶት እንደነበር አይጽፍም። ጎበዝ ተከላካይ ከሚያርፍበትም ቡጢ ግማሹን ያስቀረዋል። ውድድሩ ሲያልቅ የሁለቱን ፊት አነጻጽሩ፤ ከቁጥሩ ጋር የማይስማማበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዳኞች ለመከላከል ነጥብ ይሰጣሉ?

በፕሮፌሽናል ቦክስ ሦስት ዳኞች እያንዳንዱን ዙር በአራት ነገር ይመዝናሉ፤ በጥራት ያረፈ ቡጢ፣ ውጤት ያለው ማጥቃት፣ መድረኩን መቆጣጠርና መከላከል። በወረቀት ላይ መከላከል አለ። በተግባር ግን ቡጢ ያላሳረፈ ሰው በመከላከሉ ብቻ ዙር አይሰጠውም፤ መከላከል ክብደት የሚያገኘው ሁለቱ በተቀራረቡበት ዙር ነው። የአማተሩ መመዘኛ ደግሞ መከላከልን በስሙ እንኳን አይጠራም። በትክክለኛ ቦታ ያረፉ ጥራት ያላቸው ቡጢዎችን፣ በቴክኒክና በታክቲክ የበላይነትን፣ ተፎካካሪነትን ነው የሚያየው። በአገራችን አብዛኛው ውድድር አማተር ስለሆነ ይህን ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው። ሦስት ዙር፣ ዘጠኝ ደቂቃ ነው ያለው፤ ሁለቱን ዙር በንባብ የጨረሰ ተከላካይ ሦስተኛውን ቢያሸንፍም ተሸንፎ ይወጣል።

ዳኝነት ተከላካይን እንዴት እንደሚበድል ማየት የሚፈልግ መስከረም 1993 በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ የተደረገውን የዊታከርና የሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ውድድር ይፈልግ። ቻቬዝ 87 ውድድር አድርጎ አንድም አልተሸነፈም ነበር። ዊታከር ከፊቱ ሳይርቅ፣ በቻቬዝ ክንድ ርቀት ውስጥ ሆኖ ከዙር ወደ ዙር አሳጣው። ቻቬዝ ሆድ በመምታት የታወቀ ነው፤ በዚያን ምሽት ግን ሆዱን ሲፈልግ ዊታከር ዞሮ ከጎኑ ይገኝ ነበር። ሁለት ዳኞች 115 ለ115 ብለው ጻፉ፤ አንዱ ብቻ ለዊታከር 115 ለ113 ሰጠ። ውጤቱ አቻ ተባለ። ውድድሩን ካየ ሰው አብዛኛው ዛሬም ዊታከር ተዘርፏል ይላል፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ።

ደካማ ተጋጣሚ ላይ ጎልቶ የታየን ሰው እንዴት እናምናለን?

አናምንም፤ እስኪፈተን እንጠብቃለን። ፈተናዎቹ የታወቁ ናቸው። ሆድ የሚመታ ሰው ሲገጥመው ክንዶቹ ወርደው ፊቱ ይጋለጣል ወይ? ጀርባው ገመድ ላይ ሲሆን መውጫ ያገኛል ወይ? ከባድ ቡጢ ካረፈበት በኋላ ባሉት 20 ሰከንዶች ውስጥ የተማረውን ያስታውሳል ወይስ እጁን እንደ ሕፃን ያወራጫል? በመጨረሻዎቹ ዙሮች እግሩ ከከበደ በኋላስ?

በግንቦት 2014 ማርኮስ ማይዳና ሜይዌዘርን ገመድ ላይ እየገፋ፣ ያለ ሥርዓት ከየአቅጣጫው እየሰነዘረ 221 ቡጢ አሳርፎበታል። ሥርዓት የሌለው ቡጢ ለማንበብ ስለሚያስቸግር ብዙ ተከላካይ የሚወድቀው በእንዲህ ያለው ሰው ፊት ነው። ሜይዌዘር ግን በውድድሩ መካከል አቋሙን ለውጦ፣ ከገመዱ ወጥቶ፣ በመሃል መድረክ ተዋግቶ በነጥብ አሸነፈ። በዚያው ዓመት መስከረም ሲደግሙት ማይዳናን ከሩቁ ያዘው። ለእኔ ከሜይዌዘር ውድድሮች ሁሉ ብቃቱን ይበልጥ ያሳዩኝ ማንም ካልነካው ምሽቶች ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ግራኝ ቦክሰኛ ሲገጥም ምን ይለወጣል?

ግራኝ ቦክሰኛ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ስለሚቆም የሁለቱ የፊት እግሮች ጎን ለጎን ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ዋናው ጦርነት የማን እግር በውጭ በኩል ይሆናል የሚለው ነው። የፊት እግሩን ከተጋጣሚው የፊት እግር ውጭ ያሳረፈው ሰው የኋላ እጁ መንገድ ያገኛል፤ የተጋጣሚው የኋላ እጅ ግን ይርቅበታል። ዊታከርም ሪጎንዶም ግራኝ ናቸው። እነሱን ስታዩ ለእግር የምትሰጡትን ትኩረት እጥፍ አድርጉት።

የሴቶች ውድድር በዚሁ ይመዘናል?

በዚሁ ይመዘናል። የሴቶች ቦክስ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ገብቷል፤ አማተሮቹ አሁን እንደ ወንዶቹ ሦስት ዙር ሦስት ሦስት ደቂቃ ይዋጋሉ። በፕሮፌሽናሉ ግን የሴቶች ዙር በአብዛኛው ሁለት ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ ሲጎድል ተጋጣሚን አስጠብቆ የማድከም ስልት ጊዜ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ሴት ተከላካይን ስትመዝኑ የመልስ ምቷ ፈጥኖ መምጣቱን ከወንዶቹ ይልቅ አጥብቃችሁ እዩ።

በሰፈራችን ያለ ልጅ ለመከላከል ተሰጥኦ እንዳለው እንዴት አውቃለሁ?

ካራ አካባቢ ልጆች የሚሰለጥኑበት በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ። ከጣሪያው ብረት ላይ ጨርቅና ሰጋቱራ የተሞሉ ጆንያዎች ተንጠልጥለዋል። በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና መካከል በልጆቹ ትከሻ ከፍታ ገመድ ተወጥሯል፤ ልጆቹ ወደ ፊት እየተራመዱ ራሳቸውን ከገመዱ ሥር አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያሳልፋሉ። ዋጋ የሌለው ዕቃ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከግቢው ዕቃ ሁሉ የበለጠ የሚናገረው እሱ ነው። አብዛኛው ልጅ ከወገቡ ጎንበስ ይልና መሬት መሬት ያያል። መሬት የሚያይ ሰው ከታች የሚመጣውን ቡጢ በአፍንጫው ይቀበላል። ተሰጥኦ ያለው ጉልበቱን ያጥፋል፤ ጀርባው ቀጥ ይላል፤ ዓይኑ ከፊት አይነሣም።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ሹሩባዋ ገመዱን ሳይነካ በጣት ስፋት እያለፈች፣ በየእርምጃው ግራ እጇን ዘርጋ መለስ ታደርጋለች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። ማሳለፍና መመለስ ለእሷ አንድ እንቅስቃሴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ጠጋ በሉ። ከዚያ በልምምድ ፍልሚያ ጊዜ ዓይኗን ተመልከቱ፤ ቡጢ ሲመጣ ትጨፍናለች? መጨፈን በልምምድ ይቀንሳል፤ ሳይጨፍኑ የሚጀምሩ ግን ጥቂቶች ናቸው። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ትከሻውን ወጥሮ የሚቆም ልጅ ቡጢ ባይነካውም ፈጥኖ ይደክማል። ተረጋግቶ መቆም የማይችል ሰው ማንበብ አይችልም።

አንድ ነገር ለአሰልጣኞች ልጨምር። ትልልቆቹን ልጆች ከትንንሾቹ ጋር አጋጥሞ «ይጠንክር» ማለት መከላከልን አያስተምርም፤ ፍርሃትን ያስተምራል። አንዱ እንዲመታ ብቻ፣ ሌላው እንዲያመልጥ ብቻ፣ በግማሽ ኃይል፣ በተወሰነ ጊዜ አድርጓቸው። የሚፈራ ልጅ ዓይኑን ይዘጋል።

በከፍታ ቦታ መሰልጠናችን በእግሩ ለሚከላከል ቦክሰኛ ይጠቅማል?

አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በእግሩ የሚዋጋ ሰው ብዙ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ እዚህ ሦስት ዙር ሙሉ መዞር የቻለ ልጅ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ ትንፋሽ እንደሚቀለው መጠበቅ ይቻላል። ነገር ግን ዳገት መሮጥ ብቻውን እግርን አያስተምርም። የቦክስ እግር አጭር፣ ድንገተኛ፣ ወደ ጎን የሚሄድ ነው፤ የገመድ ዝላይና የአቅጣጫ ለውጥ ልምምድ ካልተጨመረበት ሯጭ እንጂ ተከላካይ አይወጣም።

ልጄ ቦክስ ይሰለጥናል፤ ጥሩ መከላከል ከራስ ጉዳት ያድነዋል?

ይቀንስለታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያድነውም። አንጎልን የሚጎዳው የሚዘርረው ከባድ ቡጢ ብቻ አይደለም፤ በየልምምዱ የሚደራረቡት ቀላል የሚመስሉ ምቶችም ናቸው። ስለዚህ ለወላጅ ዋናው ጥያቄ «በውድድር ስንት ጊዜ ተመታ» ሳይሆን «በሳምንት ስንት ጊዜ በሙሉ ኃይል ይፋለማል» የሚለው ነው። የራስ መከላከያ ቆብ ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ይጠቅማል፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ ግን አይከለክልም። ከ2013 ጀምሮ ትልልቆቹ ወንድ አማተሮች ያለ እሱ ነው የሚወዳደሩት።

ዊሊ ፔፕ 241 ውድድር አድርጎ 229ኙን ያሸነፈ፣ ከመከላከል ጥበበኞች ሁሉ ፊት የሚሰለፍ ሰው ነበር። በመጨረሻ ዘመኑ በመርሳት በሽታ ተሠቃይቶ በ2006 ዐረፈ። የእሱን ሕመም ምክንያት በእርግጠኝነት መናገር የእኔ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን መከላከል አዋቂ ነው ተብሎ ያለ ገደብ የሚፋለም ልጅ ካላችሁ ይህን አስታውሱ። ልጃችሁ ከልምምድ በኋላ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ብርሃን ካስቸገረው ወይም የተናገረውን ደጋግሞ ከጠየቀ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ሐኪም ሳይፈቅድለትም ወደ ፍልሚያ አይመለስ። አሰልጣኙ ይህን ከተቃወመ አሰልጣኝ ቀይሩ።

ከሁሉም የሚበልጠው ተከላካይ ማን ነው?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ በሦስት ሰዎች መካከል ነው። ለፔፕ የሚከራከሩ በ1946 ጃኪ ግሬቭስን ሲገጥም አንድም ቡጢ ሳይሰነዝር ሦስተኛውን ዙር እንዳሸነፈ ይተርካሉ። ታሪኩ አከራካሪ ነው፤ እኔ በእሱ ላይ ተመሥርቼ አልፈርድም። የማይከራከረው ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹን 62 ውድድሮች ሳይሸነፍ አድርጓል፤ በጥር 1947 በአውሮፕላን አደጋ ጀርባውና እግሩ ተሰብሮ በዚያው ዓመት ሰኔ ወደ መድረክ ተመልሶ አሸንፏል። ለሜይዌዘር የሚከራከሩ 50 ውድድር፣ 50 ድል ብለው ያበቃሉ፤ ለዚያም መልስ መስጠት ከባድ ነው።

እኔ ግን ዊታከርን አስቀድማለሁ። ሜይዌዘር ብዙ ጊዜ ርቀትን ተጠቅሟል፤ ፔፕ መድረኩን በሙሉ ዞሯል። ዊታከር ተጋጣሚው ሊነካው በሚችልበት ቦታ ቆሞ፣ አንዳንዴ ጉልበቱ መሬት እስኪነካ ጎንበስ ብሎ፣ በአራት የክብደት ደረጃዎች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከላይ በዘረዘርኳቸው መለኪያዎች ሁሉ፣ በእግሩ፣ በንባቡ፣ በተጋጣሚው ለውጥና በገጠማቸው ሰዎች ጥንካሬ ስመዝነው የሚያንስበት አላገኘሁም። የማይስማማ ካለ የቻቬዝን ውድድር ድምፁን አጥፍቶ ከመጀመሪያው ዙር እስከ አሥራ ሁለተኛው የቻቬዝን እጆች ብቻ እያየ ይጨርሰውና ከዚያ በኋላ እንከራከር።